የእርድና የአረንጓዴ ሻይ እንክብል የአባቴን አንጎል ያጸዳል?

ጥያቄ፦ «አባቴ 69 ዓመታቸው ነው። ከስምንት ወር በፊት አልዛይመር ጀምሯቸዋል ተብሎ ዶኔፔዚል ታዘዘላቸው። ሐኪማቸው መድኃኒቱ በሽታውን እንደማያቆመው ሳይደብቅ ነግሮናል። በኋላ ሳነብ በሽታው የሚመጣው አንጎል ውስጥ ፕሮቲን እየተጓጎለ እንደሆነ፣ ከእርድ የሚገኘው ኩርኩሚንና ከአረንጓዴ ሻይ የሚገኘው ኢጂሲጂ ደግሞ ጓሉን እንደሚበትኑት ተረዳሁ። ሁለቱንም በእንክብል ገዝቼ ሦስት ሳምንት ሰጥቻቸዋለሁ። የኩርኩሚኑ እንክብል ሰውነት በደንብ እንዲቀበለው የቁንዶ በርበሬ ውህድ ተጨምሮበታል ይላል። ዶኔፔዚሉን አስቁሜ በእነዚህ ብቻ ልቀጥል? መጠኑስ ስንት ይሁን? የአባቴ እናትም በስተርጅና እንዲሁ ሆነው ነው ያረፉት። እኔ 41 ዓመቴ ነው፤ ከአሁኑ ብጀምረው ይከላከልልኛል?»

ምላሽ፦ ዶኔፔዚሉን አያስቁሙ። ሁለቱን እንክብሎች ግን ከዛሬ ጀምረው ይተዉ፤ «መጠኑ ስንት ይሁን?» ላሉት መልሴ «ምንም» ነው። ምክንያቱን አስረዳለሁ፤ ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ የአባትዎ ጉበት ስለሆነ፣ ለማቆም ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ መጠበቅ የለብዎትም።

ያነበቡት ውሸት አይደለም። ውሸት ቢሆን ኖሮ መልሱ በሁለት መስመር ባለቀ ነበር። ኢጂሲጂ የተጓጎለ ፕሮቲን ሲበትን በተለያዩ ላቦራቶሪዎች ታይቷል፤ ኩርኩሚንም አሚሎይድ በሚባለው የተጓጎለ ፕሮቲን ላይ በእርግጥ ይጣበቃል። የተዘለለው ሌላው ግማሽ ነው፤ የበተነው የት ነው? በምን ያህል መጠን? ከተበተነስ በኋላ ታካሚው ምን ሆነ?

ከፕሮቲኑ እንጀምር። ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ ሲሠራ እንደ ረጅም ክር ወጥቶ ወዲያው ይጣጠፍና የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጽ ነው። አንዳንዶቹ ግን ቅርጻቸውን ይስታሉ፤ ውሃ የሚሸሸው የውስጥ ገላቸው ይገለጥና እርስ በርስ መጣበቅ ይጀምራሉ። በአልዛይመር ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ ከነርቭ ሕዋስ ውጭ የሚከማቸው አሚሎይድ ቤታና በሕዋሱ ውስጥ የሚተበተበው ታው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ስለ አንዲት ታካሚው ሲናገር ሁለቱንም ዓይነት ክምችት በማይክሮስኮፕ አይቷቸው ነበር፤ ከምን እንደተሠሩ የታወቀው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በፓርኪንሰን የሚጓጎለው 140 አሚኖ አሲዶች ያሉት አልፋ ሲኑክሊን ነው። በሀንቲንግተን በሽታ ሀንቲንግቲን፣ በአብዛኞቹ የኤኤልኤስ (እንቅስቃሴን የሚያዙ ነርቮች የሚሞቱበት በሽታ) ሕሙማን ደግሞ ቲዲፒ 43 የሚባለው ፕሮቲን ተመሳሳይ ነገር ይደርስበታል።

መጓጎሉ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቅርጻቸውን የሳቱ ጥቂት ፕሮቲኖች ተገናኝተው ዘር ይሆናሉ፤ ይህ እጅግ ዘገምተኛ እርምጃ ነው። ዘሩ አንዴ ከተፈጠረ ግን ሌሎቹን እየሳበ ወደ ረጅም ክር ያድጋል፤ ክሩ ሲሰበር ደግሞ እያንዳንዱ ስባሪ አዲስ ዘር ይሆናል። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ። ሌላም አለ፤ የነርቭ ሕዋስን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ትልልቆቹ ዝቃጮች ሳይሆኑ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉት ትንንሽ ስብስቦች እንደሆኑ የሚያመለክት ብዙ ማስረጃ አለ። ትልቁ ዝቃጭ እንዲያውም የአደገኞቹ ማጎሪያ ሊሆን ይችላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስለዚህ አንድ ውህድ ጓሉን በተነ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ወደ ምን በተነው?» የሚል መሆን አለበት። ወደ ስባሪ ከሆነ የዘራነው እኛ ነን።

በኢጂሲጂ በኩል የዚህ ጥያቄ መልስ ደስ የሚል ሆኖ ነበር። በ2008 በርሊን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ኢጂሲጂ ገና ያልተጓጎለውን አሚሎይድ ቤታና አልፋ ሲኑክሊን ይይዝና ወደ ክር የማያድግ፣ ሕዋስንም እምብዛም የማይመርዝ ልፍስፍስ ስብስብ ያደርገዋል። መንገዱን አልዘጋውም፤ ፕሮቲኑን ወደ ሌላ መንገድ አስቀየሰው። በ2022 ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቡድን በአልዛይመር ከሞቱ ሰዎች አንጎል የተወሰዱ የታው ክሮችን ይዞ ኢጂሲጂ የት ላይ እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚፈታቸው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየ። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ተመራማሪዎች ከዚህ በመነሳት «እንግዲያው ሻይ እንስጥ» አላሉም። ኢጂሲጂ ወደ አንጎል በደንብ እንደማይገባ ስለሚያውቁ፣ የተቀመጠበትን ቦታ እንደ ልክ ወስደው በዚያው ቦታ የሚገጥሙና የተሻለ የመግባት ዕድል ያላቸው ሌሎች ሞለኪውሎችን መፈለግ ጀመሩ። የዕፅዋት ውህዶች እውነተኛ ጥቅም በአመዛኙ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለመድኃኒት ፈላጊው የቁልፉን ቅርጽ ያሳያሉ።

ለምን ይጣበቃሉ? ኢጂሲጂ፣ ኩርኩሚን፣ በወይን ቆዳ የሚገኘው ሬስቬራትሮልና ዘመዶቻቸው ፖሊፌኖል ይባላሉ። ጠፍጣፋ ቀለበቶች ስላሏቸው ተደራርበው በተቀመጡ ፕሮቲኖች መካከል ይሰነቀራሉ፤ አንዳንዶቹም በአየር ሲበላሹ ከፕሮቲኑ ጋር እስከ መጋባት ይደርሳሉ። ሆኖም የሚጣበቁት በበሽታ አምጪው ፕሮቲን ላይ ብቻ አይደለም። ጠንከር ያለ ሻይ ሲጠጡ አፍ የሚደርቀው እኮ እነዚሁ ውህዶች የምራቅን ፕሮቲን ስለሚይዙ ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ ሞለኪውል ለምርምር ጥሩ መነሻ ነው፤ ለመድኃኒትነት ግን ትልቅ ጉድለት አለበት።

በላቦራቶሪ የሚገኝ ውጤት ሊያሳስትም ይችላል። ይህን የምለው እኔም ተሳስቼ ስለማውቅ ነው። መጓጎል ብዙ ጊዜ የሚለካው ታዮፍላቪን ቲ በሚባል ማቅለሚያ ነው፤ ክር ካገኘ ያበራል፣ ክር ከሌለ ይጨልማል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ኩርኩሚን ጨምሬ ብርሃኑ ድርግም ሲል «ተበተነ!» ብዬ ለአለቃዬ ሮጬ ነገርኩ። ናሙናውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስናየው ክሮቹ እንደነበሩ ናቸው። ኩርኩሚን ራሱ ቀለም ነው፤ ብርሃን ይውጣል፣ በራሱም ያበራል፣ የማቅለሚያውንም ቦታ ይቀማል። የጠፋው የመለኪያው ብርሃን እንጂ ጓሉ አልነበረም። ይህ የእኔ ብቻ ስህተት ቢሆን ባልጻፍኩት፤ በኩርኩሚን ላይ ከወጡት ጽሑፎች ስንቶቹ እንዲህ ባለ መለኪያ ብቻ እንደተማመኑ ሳይ ግን ማንሳቱ ተገቢ መስሎ ታየኝ። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች ያወጡት ሰፊ ግምገማም ይህንኑ ችግር በዝርዝር አሳይቷል፤ ውህዱ በቀላሉ የሚፈርስ፣ ሰውነት የማይቀበለውና በብዙ ዓይነት ሙከራ ላይ የሠራ የሚመስል ነው ይላል። እስከዚያ ዓመት ከ120 በላይ ሙከራዎች በሰው ላይ ቢደረጉም፣ ሐኪሙም ታካሚውም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ከማስመሰያ እንክብል ጋር ተነጻጽሮ ስኬታማ የሆነ አንድም ሙከራ አልነበረም ሲል ደምድሟል።

አሁን ወደ መጠኑ። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ተመራማሪው ውህዱን በቀጥታ ፕሮቲኑ ላይ ያፈሰዋል፤ በመካከል አንጀት የለም፣ ጉበት የለም፣ የአንጎል አጥር የለም። የሚውጡት እንክብል ግን ሦስቱንም ማለፍ አለበት። አንጀት አብዛኛውን አያስገባውም። የገባውን ጉበት ወዲያው ከሌላ ሞለኪውል ጋር አጣብቆ ለመውጣት ያዘጋጀዋል። የቀረውን ደግሞ የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ይመልሰዋል። በቱቦ ውስጥ የሚሠራበት መጠን ብዙውን ጊዜ በአሥር ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ውህድ የሚለካበት አሃድ) ቤት ነው፤ ሰው ሻይ ጠጥቶ በደሙ ውስጥ የሚገኘው ኢጂሲጂ ከአንድ ማይክሮሞላር በታች ነው፤ አንጎል የሚደርሰው ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ኩርኩሚን ይብሳል፤ ግራም በግራም ተውጦ እንኳ ያልተለወጠው ውህድ በደም ውስጥ በጭንቅ ነው የሚገኘው። አምራቾች የቁንዶ በርበሬውን ፒፐሪን የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ፒፐሪን መምጠጡን እንደሚያሻሽል እውነት ነው። እንዴት እንደሚያሻሽል ሲታይ ግን ነገሩ ያሳስባል፤ ጉበት ባዕድ ነገርን የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች ያዳክማል። ከእነዚህ አንዱ አባትዎ የሚወስዱትን ዶኔፔዚል ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች መካከል ነው። ዶኔፔዚል በደም ውስጥ ከበዛ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መቀነስ፣ ራስን መሳት ያመጣል። ባለፉት ሦስት ሳምንታት አባትዎ ካዞራቸው ወይም ከወደቁ «ዕድሜ ነው» ብለው አይለፉት።

የእንስሳት ሙከራ ጥሩ ውጤት አሳይቶ የለምን? አሳይቷል፤ ኩርኩሚን የተመገቡ አይጦች አንጎል ውስጥ አሚሎይድ መቀነሱ በ2001 ታትሟል። እነዚያ አይጦች ግን አልዛይመር ያለባቸው ሽማግሌ አይጦች አልነበሩም። የሰውን ዘረ መል ተቀብለው አሚሎይድ እንዲያመርቱ የተደረጉ፣ ውህዱንም ገና ክምችቱ ሳይበረታ ጀምሮ የበሉ ናቸው። እንዲህ ባሉ አይጦች ላይ ሠርተው በሰው ላይ የከሸፉ መድኃኒቶች ብዛት ያሰለቻል። ስለዚህ ወደ ሰው እንሂድ።

በአሜሪካ ቀላልና መካከለኛ አልዛይመር ያለባቸው 36 ሰዎች በቀን 2 ወይም 4 ግራም ኩርኩሚን ወይም ማስመሰያ ለ24 ሳምንታት ወሰዱ፤ በማስታወስም ሆነ በአንጎል ፈሳሽ ምርመራ ልዩነት አልታየም፣ በደማቸውም የተገኘው ኩርኩሚን ኢምንት ነበር። ሻጮች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ሌላኛውን ነው፤ በ2018 የታተመው፣ አመጣጠጡ የተሻሻለ ኩርኩሚን ለ18 ወራት የወሰዱ ሰዎች የማስታወስ ፈተና የተሻለ የሠሩበት። ይህ ሙከራ አለ፣ ውጤቱም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ 40 ብቻ ነበሩ፣ ከእነሱም አልዛይመር የያዘው አንድም አልነበረም። እንዲህ ያለ ትንሽ ሙከራ ለትልቅ ሙከራ ምክንያት ይሆናል፤ ለአባትዎ የሚሆን ማስረጃ ግን አይደለም።

ሬስቬራትሮል በ119 ሕሙማን ላይ ለ52 ሳምንታት ተሞክሮ በ2015 ታትሟል፤ መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ እስከ አንድ አንድ ግራም ደርሷል። በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ አንዳንድ ልኬቶች ተለወጡ፤ የአንጎል መጠን ግን ማስመሰያ ከወሰዱት ይልቅ ሬስቬራትሮል በወሰዱት ላይ ይበልጥ ቀነሰ። ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር እንዳልሆነ ግን አያከራክርም። ከዛፍ ቅጠል የሚሠራው ጊንክጎም እንዳይረሳ፤ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆነ 3,069 ሰዎች ለስድስት ዓመት ያህል ወስደውት የመርሳት በሽታ አልቀነሰም።

ከሁሉ ይልቅ የእርስዎን ጥያቄ ፊት ለፊት የሚመልሰው በጀርመን ተካሂዶ በ2019 የታተመው የኢጂሲጂ ሙከራ ነው። በሽታው መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ ይባላል፤ አልፋ ሲኑክሊን የሚጓጎልበት፣ ከፓርኪንሰን የከፋና የፈጠነ ሕመም ነው። ኢጂሲጂ በቱቦ ውስጥ ይህንኑ ፕሮቲን ስለሚያስቀይስ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አይገኝለትም ነበር። 92 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ለ48 ሳምንታት፣ በቀን እስከ 1,200 ሚሊግራም ድረስ ወሰዱ። የበሽታው ግስጋሴ በሁለቱ ወገኖች አልተለያየም። ኢጂሲጂ ከወሰዱት ሁለቱ በጉበት ጉዳት ምክንያት ማቋረጥ ግድ ሆነባቸው። ይህ በየጊዜው የጉበት ምርመራ እየተደረገላቸው ነው። በቤት ውስጥ የሚወስድ ሰው ግን ጉበቱ መጎዳቱን የሚያውቀው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ነው።

መጓጎልን ለመግታት ብቻ ተብሎ የተሞከረ ሲሎ ኢኖሲቶል የሚባል፣ በአንዳንድ ዕፅዋት የሚገኝ ስኳር መሰል ውህድም ነበር። ጣፋጭ ነገር ምን ያደርጋል ሊሉ ይችላሉ። በ353 የአልዛይመር ሕሙማን ላይ ሲሞከር ከሦስቱ መጠኖች ሁለቱ ከፍተኛዎቹ በመሀል እንዲቆሙ ተደረገ፤ ከባድ የጤና እክሎች በዝተው 9 ሰዎች ሞተው ስለነበር ነው፤ ሞቱ በውህዱ ለመምጣቱ ባይረጋገጥም። ዝቅተኛው መጠን ደግሞ ጉልህ የሕመም ለውጥ አላመጣም።

ይህን ሁሉ ስል ሐሳቡ ራሱ ባዶ ነው ማለቴ እንዳይመስልዎ። የፕሮቲን መጓጎልን በሚዋጥ ሞለኪውል መግታት ይቻላል፤ ተችሏልም። ትራንስታይሬቲን የሚባል የደም ፕሮቲን አራት ክፍሎቹ ሲለያዩ እየተጓጎለ ልብንና ነርቭን የሚጎዳበት በሽታ አለ። ታፋሚዲስ የተባለው መድኃኒት አራቱን ክፍሎች አንድ ላይ ይይዛቸዋል። በ2018 በታተመው የ441 የልብ ሕሙማን ሙከራ በ30 ወራት ውስጥ ማስመሰያ ከወሰዱት 42.9 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 29.5 በመቶ ሞተዋል። ለምን ይህ ሠራ? ፕሮቲኑ በደም ውስጥ ስላለ የአንጎል አጥር የለበትም፤ ሞለኪውሉ የሚገባበት ልክ የሆነ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ የሚይዘውም ፕሮቲኑ ገና በደኅና ቅርጹ ሳለ ነው። አሚሎይድ ቤታና አልፋ ሲኑክሊን በነጻነታቸው ጊዜ ቋሚ ቅርጽ እንኳ የላቸውም፤ ቁልፍ የሚሠራለት ጉድጓድ የለም።

ደግሞ ጓሉ ቢጸዳም አልዛይመር አይድንም። አሚሎይድን ከአንጎል የሚጠርገው ሌካኔማብ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት የ18 ወር ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ብቻ አዘገየ። ጓሉ ሄዷል፣ በሽታው ቀጥሏል። አሚሎይድ መከማቸት የሚጀምረው የመጀመሪያዋ ስም ከመጥፋቷ 15 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ ስለሆነ፣ ምልክት ሲታይ ታው ተሠራጭቶ የነርቭ ሕዋሳት መሞት ጀምረዋል። በደም ሥር በቀጥታ የሚሰጥ፣ አሚሎይድን ለመጥረጉ በምስል የተረጋገጠለት መድኃኒት ያመጣው ይህን ያህል ከሆነ፣ አንጎል ለመድረሱ ማስረጃ ከሌለው እንክብል ምን እንደምንጠብቅ ራስዎ ይፍረዱ።

«የዕፅዋት ነውና አይጎዳም» የሚለውም መስተካከል አለበት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በማሟያ መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ መውሰድ የጉበት ኢንዛይሞችን ከፍ እንደሚያደርግ ገልጿል። በ2019 ጣሊያን ውስጥ ከእርድ ማሟያዎች ጋር የተያያዙ በርካታ የጉበት ብግነቶች ተመዝግበዋል። በሁለቱም ውህዶች ለሚመጣው ጉዳት ይበልጥ የሚጋለጡ፣ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት ያላቸው ሰዎች እንዳሉም ታውቋል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት፣ ያውም ከፒፐሪን ጋር፣ አደጋን መደራረብ ነው። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ኩርኩሚንም ጊንክጎም በመድማት በኩል ያሰጉታል። አረንጓዴ ሻይ ናዶሎል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ከአንጀት እንዳይገባ ያግዳል፤ ኢጂሲጂ ቦርቴዞሚብ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ሊያመክን እንደሚችልም በላቦራቶሪና በእንስሳት ታይቷል። ፖሊፌኖል የብረት ማዕድንን መምጠጥም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ስለ ሻይና ስለ እርድ እያወራሁ እንዳይመስልዎ። አባትዎ ሻይ ከወደዱ ይጠጡ፤ በምግብ ውስጥ የሚገባ እርድም አያሳስበኝም። እኔ የምቃወመው ተነጥሮ በአንድ እንክብል የታጨቀውን፣ በባዶ ሆድ የሚዋጠውን ነው።

ዶኔፔዚል በጓሉ ላይ ምንም አያደርግም፤ ሐኪማቸው እውነቱን ነግረዋችኋል። የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይሰባበር ያደርጋል፤ ጥቅሙ መጠነኛ ነው፣ ግን በትልልቅ ሙከራዎች የተለካ ነው። በ2012 በታተመና 295 መካከለኛና ከባድ አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ዶኔፔዚልን የቀጠሉት ካቆሙት ይልቅ በማሰብም በዕለት ተዕለት ኑሮም ተሽለው ተገኝተዋል። በድንገት ካቆሙት የሚመጣው ማሽቆልቆል ተመልሰው ቢጀምሩት እንኳ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ዕፅዋት ላይ ጥላቻ እንደሌለኝ እንዲያውቁ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የዶኔፔዚል ባልደረባ የሆነው ጋላንታሚን መጀመሪያ የተገኘው ከበረዶ ጊዜ አበባ ነው፣ ሪቫስቲግሚንም የተቀረጸው ከአንድ መርዛማ ባቄላ በተገኘ ውህድ አምሳያ ነው። ሁለቱም መድኃኒት የሆኑት መጠናቸው ተለክቶ፣ ወደ አንጎል መግባታቸው ታውቆ፣ በሰው ላይ ከማስመሰያ ጋር ተወዳድረው ካሸነፉ በኋላ ነው። ኩርኩሚንና ኢጂሲጂ በዚሁ በር ይለፉ ነው የምለው።

ስለ ራስዎ። አያትዎ የታመሙት በስተርጅና ከሆነ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚተላለፈው ብርቅ ዓይነት የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ያ ብዙውን ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል። ኤፖኢ 4 የሚባለው የዘር ዓይነት ኖሮዎት ቢሆን እንኳ ዕድልን ከፍ ያደርጋል እንጂ ፍርድ አይደለም። ጤነኛን ሰው ከአልዛይመር የጠበቀ የዕፅዋት እንክብል እስካሁን የለም። በ41 ዓመት የሚሠራ ነገር ግን አለ፣ እሱም ማስታወቂያ የሌለው ነው። በ2024 የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሪፖርት ለመርሳት በሽታ መንስኤ ከሚሆኑት ሊለወጡ የሚችሉትን 14 ነገሮች ዘርዝሮ፣ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ከእነሱ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ከእነሱ ውስጥ በጉልምስና ዕድሜ ይበልጥ የሚከብዱት መጥፎው ኮሌስትሮልና የመስማት ችግር ናቸው፤ ደም ግፊትም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ለእንክብሉ ሊያወጡት ባሰቡት ገንዘብ ደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን ይለኩ፤ ጆሮዎ ከደከመ ይታዩ፤ ካጨሱ ያቁሙ፤ ይንቀሳቀሱ።

አዲስ ሙከራ ወጣ ሲባል ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ ምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ራስዎም እንዲመዝኑበት። ውህዱ ወይም ከእሱ ተሻሽሎ የተሠራ ዘመዱ በሰው አንጎል ፈሳሽ ውስጥ በሚሠራበት መጠን መገኘቱ ይለካ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተኩል ከማስመሰያ ጋር ይነጻጸሩ፤ የሚለካውም ልብስ መልበስ፣ ገንዘብ መቁጠር፣ መንገድ አለመሳት ይሁን እንጂ የምስል ቀለም ብቻ አይሁን። «ጓሉን ቀነሰ» ብሎ የሚያቆም ዜና ካነበቡ ገና ቱቦው ውስጥ ነዎት። አባትዎ መሳተፍ ከፈለጉ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀና የተመዘገበ ሙከራ ውስጥ መግባት በቤት ከመሞከር እጅግ ይሻላል፤ ማሟያ እየወሰዱ መሆናቸው ግን ከብዙ ሙከራ ሊያስቀራቸው ስለሚችል ይህም ለማቆም አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

በዚህ ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ይሂዱ። የጉበት ኢንዛይሞችና ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው) በደም ምርመራ ይታዩ፣ የልብ ምታቸው ይቆጠር። ዓይናቸው ወይም ቆዳቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ፣ ገላቸውን ካሳከካቸው ወይም ምግብ ካስጠላቸው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። እግረ መንገድዎን ቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ ሆርሞንና የመስማት ምርመራ ተደርጎላቸው እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶች፣ በተለይ የእንቅልፍና የአለርጂ ክኒኖች፣ አእምሮ የሚያደበዝዙ እንደሆኑም እንዲሁ። በሽታው ገና ጅማሬ ላይ ስለሆነ አሚሎይድን የሚጠርጉት ፀረ እንግዳ አካላት ባሉበት አገር ከሆኑ አባትዎ ይመጥኑ እንደሆነ ማንሳትም ጊዜው አሁን ነው፤ ለዚያ የኤፖኢ ምርመራ ያስፈልጋል፣ የኤፖኢ 4 ሁለት ቅጂ ባላቸው ሰዎች ላይ የአንጎል ማበጥና መድማት ይበረታልና።

ጠርሙሶቹን አይጣሉ። የጀመሩበትንና ያቆሙበትን ቀን በላያቸው ጽፈው ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ስሙ ብቻ ሳይሆን በጀርባው በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የሚሊግራም ቁጥር ነው።